ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፈው ጨርቅ

ልብስ ሰፊ አንድ ቀሚስ ቆርጦ ሲጨርስ ከጠረጴዛው ሥር የሚቀር ነገር አለ። ከብብት ላይ ተቆርጦ የወጣ ግማሽ ጨረቃ፣ ከአንገት የወጣ ክብ፣ ከጨርቁ ጠርዝ የተረፈ እንደ ቀበቶ የጠበበ ረጅም ቁራጭ። አማርኛችን ለዚህ ነገር ስም አያጣለትም፤ ቁራጭ፣ ብጣሽ፣ እራፊ እንለዋለን። ማታ ሱቁ ሲጠረግ በከረጢት ይታሰርና ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ ዕድል ከቀናው የመካኒክ እጅ መጥረጊያ ይሆናል። እኛ በትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክበብ ያለን ተማሪዎችና ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው የሚሰፉ እናቶች ዘንድሮ ይህን ቁራጭ እየገጣጠምን የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የበር መጋረጃና የረከቦት ምንጣፍ ስንሠራ ከርመናል። በዓመቱ መጽሔት ላይ ቦታ ሲሰጠን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ አንዱ ጨርቅ ለምን እንደሚሆንና ሌላው ለምን እንደማይሆን ብናስረዳ ይሻላል ብለን ተስማማን። ፎቶግራፉን ማንም ያየዋል፤ ስፌቱን ግን ካልነገሩት አያውቀውም።

የሰፈራችን የሆዳን ስም በሶማልኛ ሀብታም፣ ባለጸጋ ማለት ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው «ሆዳም» የተባለ መስሎት ይስቃል፤ እኛም አብረን ስቀን እናስረዳዋለን። ስሙ ሀብታም ይሁን እንጂ እዚህ ቤት ማሰናዳት ቀላል አይደለም። ጨርቁም፣ ፍራሹም፣ መጋረጃውም በአብዛኛው ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ወይም ከኢትዮጵያ በመኪና የሚገባ ነው። ከቤተሰቦቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። ቤት ልቀቁ የተባሉ ቀን የሚጫነው ዕቃ የሚታጠፍና ቀላል ቢሆን ይመረጣል። በሌላ በኩል ቁራጭ ጨርቅ በዚህች ከተማ ሞልቷል። ከበልበላ ወርዶ የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ መሐል ከተማ የገባ ሰው በማህሙድ ሀርቢ አደባባይ አካባቢ፣ ታላላቆቻችን ዛሬም «ሬምቦ» በሚሉት ቦታ፣ ወይም በሪያድ ገበያ ጨርቅ ሻጩንና ልብስ ሰፊውን ያገኛል። ድሪያው፣ ከሥሩ የሚለበሰው ጎጎራ፣ የወንዶች ሽርጥ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ ሲቆረጥ ትርፍ ይተዋል።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መናገር አለብን። ይህን ሥራ ስንጀምር ከቤት የገጠመን ተቃውሞ «ስፌቱ ይከብዳችኋል» የሚል አልነበረም። «ድሪቶ ልታለብሱን ነው?» የሚል ነበር። ለማያውቁ ታናናሾቻችን፣ ድሪቶ ማለት ጨርቅ በላይ በላዩ እየተጣፈበት የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበረ እስከማይታወቅ ድረስ የወፈረ ልብስ ነው። በአገራችን የድህነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ቢለብስ የትምህርቱ ምልክት ስለሆነ ያስከብረዋል፤ ድሪቶ የለበሰ ሰው ግን ስሙም «ድሪቶ ለባሽ» ሆኖ ይቀራል፣ ስድብ ነው። ወላጆቻችን አገር ለቀው፣ በዚህ ሙቀት ጉልበታቸውን ከፍለው የሚያሳድጉን ልጆቻቸው የተጣፈ እንዳይለብሱ ነው። ስለዚህ ተቃውሞው የኩራት ብቻ አይደለም፤ አክብረን ሰምተነዋል።

የእኛ መልስ እንዲህ የሚል ነው። ድሪቶ ላይ እራፊው የሚገባው ቀዳዳው ባለበት ነው፤ ቦታውን የሚመርጠው ቀዳዳው ነው። እኛ በምንሠራው ሥራ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ታጥቦ፣ ተለክቶ፣ ከጎኑ ካለው ቀለም ጋር ታይቶ ነው የሚገባው። ሆኖም ድሪቶ የሠሩ እጆች ሙያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። የሳሳውን ጨርቅ በሌላ ጨርቅ ደግፎ፣ ክሩን አመጣጥኖ፣ ዳግመኛ እንዳይቀደድ ማድረግ ትልቅ ዕውቀት ነው። ሁሉም ወላጅ ግን በዚህ አልተስማማም። አንዲት እናት የሠራንላቸውን ትራስ አመስግነው ተቀበሉና ሳሎን ሳይሆን ጓዳ አስቀመጡት፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ቁራጭ ጨርቅ መግጠም በብዙ አገር አለ፤ ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ቅርብ የሆኑትን መርጠን እንናገር። በሕንድ፣ በካርናታካ ግዛት፣ ሲዲ የሚባሉ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። አባቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ልዩ ቦታዎች፣ ብዙዎቹም በባርነት፣ ባሕር ተሻግረው የተወሰዱ ናቸው። በሕንድ እንዲህ ያሉ ሰዎች «ሀብሺ» እየተባሉም ይጠሩ ነበር፤ ቃሉ «ሐበሻ» ከሚለው የመጣ መሆኑን ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ በደካን አገር ታላቅ የጦር መሪ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1626 ያረፈው ማሊክ አምባር ከሀብሺዎቹ አንዱ ነበር። የካርናታካ ሲዲ ሴቶች ካዋንዲ የሚባል የአልጋ ልብስ ይሠራሉ። አሮጌ ሳሪ ከሥር ይዘረጋሉ፤ ከዚያም ከአንዱ ማዕዘን ጀምረው ቁራጮቹን ዳር ዳሩን እያጠፉ በላዩ ላይ ይሰፋሉ፤ ዳሩን ዙረው ሲጨርሱ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ መጨረሻ መሐሉ ላይ ይገናኛሉ። በአራቱ ማዕዘን በሦስት ማዕዘን የታጠፉ ትንንሽ ጨርቆች ይሰፋሉ፤ ስማቸው «ፉላ» ነው፣ አበባ ማለት ነው። ፉላ የሌለው ካዋንዲ ራቁቱን እንደሆነ ይቆጠራል። ይህን ስንሰማ ከእኛ መካከል አንዷ «እንግዲያውስ የእኛም ራቁቱን አይወጣም» አለችና የመጀመሪያው የአልጋ ልብሳችን አራት አበባ አገኘ።

ሌላው የአሜሪካ ነው። በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በሚባል የገጠር መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች፣ የባርነት ዘመን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የወንዶችን አሮጌ የሥራ ሱሪና የዱቄት ከረጢት እየገጠሙ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በአካባቢው የሰፊዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1972 ለአንድ ትልቅ የንግድ ድርጅት የትራስ ልብስ እየሰፉ ለማቅረብ ሲዋዋሉ፣ ከዚያ ሥራ የተረፈውን ወፍራም ባለመስመር ጨርቅ ወደየቤታቸው ወስደው ለራሳቸው ብርድ ልብስ አደረጉት። በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። እነሱ ብርድ ስለነበረባቸው ሙቀት ሰፍተዋል። ያ አሠራር እንዳለ ቢመጣ ለጅቡቲ አይሆንም።

እዚህ የምንሠራው ነገር መጀመሪያ ከሙቀቱ ጋር መስማማት አለበት። ከግንቦት ጀምሮ ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ አልፎ ሲሄድ፣ ከዚያም ሐምሲን የሚባለው ነፋስ አቧራውን ይዞ በየቀዳዳው ሲገባ፣ በመሐሉ ጥጥ የተሞላ የአልጋ ልብስ ማን ያነሣዋል? ስለዚህ ያለ ሙሌት የሚሠሩትን መረጥን። የቤንጋል ሴቶች ካንታ የሚሉት አሠራር አሮጌ ሳሪዎችን ደራርቦ፣ መርፌን ወደ ታችና ወደ ላይ እያመላለሱ በቀጥታ መስመር ማያያዝ ብቻ ነው። ለነገሩ እኛም ድርብ ጨርቅ ያለ ሙሌት እንደሚሆን እናውቃለን፤ ጋቢ አራት ድርብ ሸማ አይደለም እንዴ? ለመጋረጃ ደግሞ የኮሪያዎችን ቦጃጊ አየን። ገበር የለውም፣ ስፌቱ በሁለቱም በኩል የተሸፈነ ስለሆነ ፊትና ጀርባ የለውም፣ ብርሃን ሲያልፍበት መስመሮቹ እንደ መስኮት ፍሬም ይታያሉ። ከደጃችን ራቅ ብሎም ቢሆን የሶማሌ አርብቶ አደሮች በታጠፈ እንጨት የሚሠሩትን አቃል የሚያለብሱት በሰሌንና በተጋጠመ ጨርቅ ነው፤ ያም ቤት ታጥፎ በግመል የሚጫን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው፤ የሚለየውም በቀለም ሳይሆን በዓይነት ነው። ጥጥና ፖሊስተር በአንድ ትራስ ላይ ተጋጥመው ሲታጠቡ ጥጡ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቀራል፤ መገጣጠሚያው ይሸበሸባል። ካውያ ሲነካቸውም ጥጡ የሚፈልገው ሙቀት ፖሊስተሩን ያቀልጠዋል። በዓይን መለየት ካልተቻለ ከጨርቁ አንድ ክር ይመዘዝና በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ከሥሩ የብረት ሳህን፣ ከጎኑ ውሃ ተቀምጦ፣ በእሳት ይሞከራል። ይህን የሚያደርገው አዋቂ ሰው ነው፤ ታናናሾቻችን ብቻችሁን እንዳትሞክሩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው፣ አመዱ ግራጫና ለስላሳ ሆኖ በጣት ይበተናል። ፖሊስተር ይኮማተርና ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ የጠነከረ ነገር ይተዋል። ሁለቱንም ምልክት ካሳየ የተቀላቀለ ነውና ከፖሊስተሩ ጋር ይቀመጥ። ድሪያ የሚሰፋበት ስስ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ወደዚህኛው ወገን ይወድቃል፤ የዩኒፎርም ሸሚዝም እንዲሁ። ሽርጥ ግን ብዙ ጊዜ ጥጥ ሆኖ እናገኘዋለን፣ ለመቁረጥም ለመስፋትም ደስ ይላል።

ቀጥሎ ማጠብ ነው። አዲስ ጨርቅ ነው ተብሎ ሳይታጠብ አይቆረጥም። ጥጡ የሚሰበሰበውን ያህል ከመስፋታችን በፊት ይሰብሰብ። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ እርጥቡን ቁራጭ በነጭ አቡጀዲ መሐል አጥፎ በጣት መጫን ይበቃል፤ አቡጀዲው ከቀላ ያ ቁራጭ ለብቻው ደጋግሞ ይታጠባል፣ አሁንም ከለቀቀ ይተዋል። ማስጫው በጥላ ቢሆን ይመረጣል፤ የዚህ አገር ፀሐይ ልብስ ቶሎ ያደርቃል፣ ቀለምም ቶሎ ይበላል።

ከዚያ መቁረጥ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ቁራጩ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ከተቆረጠ ቅርጹን ይይዛል፤ በሰያፍ ከተቆረጠ ግን ይለጠጣል፣ አራት ማዕዘን የነበረው ስፌት ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። ከብብትና ከአንገት የወጡ ቁራጮች ክብ ስለሆኑ አቅጣጫቸው አይታወቅም። ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ ሳብ ማድረግ ይነግራል፤ የማይለጠጥበት በኩል ድሩ ነው። ልኩ ከጠንካራ ካርቶን ይሠራል፣ በጠመኔ ይሠመራል፣ በጨርቅ መቀስ ይቆረጣል። ወረቀት የቆረጠ መቀስ ጨርቅ አይቆርጥም፣ ያኝካል፤ እባካችሁ የእናቶቻችሁን መቀስ ለካርቶን አትውሰዱ።

ልኩን በሒሳብ እንየው። አንድ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ትራስ ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በ3 ረድፍ 3፣ በድምሩ 9 ቁራጭ ብናደርገው የአንዱ የተጠናቀቀ ጎን 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግን በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ስፌት ስለሚገባ የሚቆረጠው 17 በ17 ነው። ትራሱን ትንንሽ አድርገን በ5 ረድፍ 5፣ ማለትም 25 ቁራጭ ብናደርገው ደግሞ የአንዱ የተጠናቀቀ ጎን 9፣ የሚቆረጠው 11 በ11 ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ጨርቅ ይፈጃል? 9 ጊዜ 17 በ17 ሲሰላ 2,601 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 25 ጊዜ 11 በ11 ደግሞ 3,025። ሁለቱም ከተጋጠሙ በኋላ ያው 47 በ47፣ ማለትም 2,209 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። በመጀመሪያው ከተቆረጠው ጨርቅ 15 በመቶ ያህሉ፣ በሁለተኛው 27 በመቶ ያህሉ በመሐል ስፌት ውስጥ ይደበቃል። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ጨርቅም፣ ክርም፣ ጊዜም ይበላል። «ትንንሹ ያምራል» ለሚሉ ጓደኞቻችን መልሳችን ይኸው ነው፤ ያምራል፣ ግን ዋጋ አለው። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲያዩ ለ6ኛ ክፍል የቤት ሥራ አደረጉት፤ ክበባችንን የሚወቅስ ተማሪ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

ቀለም መደርደር ላይ ብዙ ክርክር ነበር። የተስማማንበት ነገር ቢኖር ቀይ ከአረንጓዴ ይሄዳል አይሄድም ከማለት በፊት ደማቁንና ፈዛዛውን መለየት እንደሚቀድም ነው። ቁራጮቹ መሬት ላይ ተደርድረው በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ይነሣሉ። በፎቶው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ የቱንም ያህል ቀለም ቢኖር ከሩቅ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ፈዛዛና ደማቅ ሲፈራረቁ ግን ተራ የዩኒፎርም ጨርቅ እንኳ ሕይወት ያገኛል።

ስፌቱ ረድፍ በረድፍ ነው። ሦስቱ ቁራጮች ፊት ለፊት እየተያዩ ይሰፉና አንድ ረድፍ ይወጣል፤ ሦስቱ ረድፎች ካለቁ በኋላ ረድፍ ከረድፍ ይጋጠማል። ከጀርባ ያለው የስፌት ትርፍ በመጀመሪያው ረድፍ ወደ ቀኝ፣ በሁለተኛው ወደ ግራ፣ በሦስተኛው ወደ ቀኝ ይተኛል። እንዲህ ከሆነ ረድፎቹ ሲገናኙ ማዕዘኖቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ እንጂ አንድ ቦታ ላይ አይቆለሉም። በተጋጠመው መስቀል ላይ ስፒል ይተከላል። ካውያ ማሞቅ ለማይፈልግ ሰው ጥፍርም ይሠራል። ጥጥ በጥፍር ተጭኖ ሲታሽ መስመሩን ይይዛል፤ በበጋው የመብራት ሒሳብ ለሚጨነቁ ወላጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የስፌት መኪና ለሌለው በእጅ መስፋት ይቻላል፤ በየሁለትና ሦስት መዳፍ ርቀት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ መውጋት ግን አይረሳ፤ ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም እንዳይተረተር ያደርጋል።

የትራሱ ጀርባ ዚፕም ቁልፍም አይፈልግም። ወርዳቸው 47፣ ርዝመታቸው 32 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት አቡጀዲዎች ይቆረጣሉ። ከእያንዳንዱ አንድ ጎን በ2 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይዘመዘማል፤ 30 ይቀራል። ሁለቱ በፊቱ ላይ ፊት ለፊት ሲዘረጉ መሐል ላይ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደራረባሉ። ዙሪያው ተሰፍቶ ሲገለበጥ እንደ ፖስታ ኪስ ያለው የትራስ ልብስ ይወጣል። ውስጡ በዚያ በኩል ይገባል፣ ለማጠብ በዚያ በኩል ይወጣል።

የትራሱ ውስጥ ራሱ ከቁራጭ ሊሆን ይችላል። ለስፌት የማይበቃው ሁሉ፣ የክሩ ጫፍ ሳይቀር፣ በመቀስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆራርጦ በአቡጀዲ ከረጢት ይሞላል። በደንብ ካልተቆራረጠ ጥቂት ወር ሳይቆይ ድንጋይ ድንጋይ ይሆናል። በጨርቅ የተሞላ ትራስ በስፖንጅ ከተሞላው ይከብዳል፤ ለራስጌ አንመክረውም፣ መሬት ላይ በፍራሽ ተደግፎ ለሚቀመጥ ሰው ግን ወገብን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ዕርጥበት የያዘ ቁራጭ አብሮ እንዳይገባ ይታይ፤ በዚህ የባሕር አየር ከገባ ሽታው አይወጣም።

ረጃጅሞቹ ጠባብ ቁራጮች ለአራት ማዕዘን አይሆኑም፤ ለእነሱ ሌላ መላ አለ። አንድ አሮጌ አንሶላ በሚፈለገው ልክ ይቆረጥና መሠረት ይሆናል። የመጀመሪያው ቁራጭ መሐሉ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋል፤ ሁለተኛው በላዩ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ዳሩ ይሰፋል፣ ከዚያ ይገለበጣል፤ ሦስተኛው በዚያው መልክ ይቀጥላል። ስፋታቸው እኩል ባይሆንም ግድ የለም፣ እንዲያውም ያምራል። የረከቦት ምንጣፍ የሠራነው በዚህ ነው። ቡና የሚፈላበት ቦታ ፍም አለ፤ ስለዚህ ለረከቦት ምንጣፍ፣ ለጀበና ማስቀመጫና ለድስት መያዣ ከጥጥ በቀር ምንም አይግባ። ፖሊስተር ትኩስ ድስት ሲነካ ይቀልጥና እጅ ላይ ይጣበቃል፤ የቀለጠ ነገር የሚያደርሰው ቃጠሎ ክፉ ነው። በዚህ ጉዳይ በክበባችን ውስጥ ክርክር አንቀበልም።

የአልጋ ልብሱ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ወርዱ 150፣ ርዝመቱ 195 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልብስ በ15 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ሲሰላ 10 በ13፣ በድምሩ 130 ቁራጭ ነው። 26 ሰው እያንዳንዱ 5 ቢያመጣ ይሞላል። ጀርባው አሮጌ አንሶላ ይሆናል፤ ፊትና ጀርባው በየመዳፉ ርቀት በቀጥታ የመርፌ መስመር ይያያዛሉ። አለበለዚያ ሲታጠብ ጀርባው ለብቻው ይንሸራተታል። በካዋንዲ መንገድ የሠራነው ደግሞ ልክም ሒሳብም አልጠየቀንም፤ ያለውን ቁራጭ እንዳለው እያጠፍን ከዳር ወደ መሐል ሄድን። ለጀማሪ ይህኛው ይቀላል ብለን እናምናለን። መኪናም አይፈልግም፣ አራት ሰው በአራቱ ማዕዘን ተቀምጦ እያወራ መስፋት ይችላል።

ለበር መጋረጃ ስሱ የድሪያ ጨርቅ በመጨረሻ ቦታውን አገኘ። መጋረጃ ነፋስ ማሳለፍ ስላለበት ገበር አይደረግለትም፤ ስለዚህም ጥሬ ጠርዝ በየትኛውም በኩል መታየት የለበትም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ቁራጮች ሲሰፉ የአንዱ ትርፍ 1 ሴንቲ ሜትር፣ የሌላው 2 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ረጅሙ በአጭሩ ላይ ይታጠፍና ጨርቁ ላይ ተኝቶ ሁለተኛ ጊዜ ይሰፋል። የሱሪ ጎን ስፌት ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ፖሊስተር ያንሸራትታል፤ ስፒል ማብዛትና በቀስታ መሄድ ነው። ከታች ጠርዙ ላይ የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ ውስጥ ለውስጥ ቢገባ ነፋሱ መጋረጃውን ጣሪያ ላይ አይሰቅለውም።

ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ብዙ ወላጆች የጠየቁን ነገር ነው። ነጠላው አልቆ ጥበቡ ደህና ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የጥበቡ ክር ከሸማው ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ። ጥበቡ ከግራና ከቀኙ ሁለት ሁለት ጣት ሸማ ተትቶለት ይቆረጣል፤ በጥበቡ ጠርዝ ላይ ከተቆረጠ ክሩ ይፈታል። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላላ ያለ ስለሆነ ለብቻው አይሰፋም፤ በአቡጀዲ ላይ ተደርቦ፣ ዳሩ በእጅ ተያይዞ፣ ከዚያ ወደ ስፌት ይገባል። በትራስ መሐል አንድ የጥበብ መስመር፣ በግራና በቀኙ ተራ ጨርቅ ሲሆን ከሁሉም የበለጠ ወደነዋል። ነገር ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ የማንንም ነጠላ አንቆርጥም። አንዲት አያት ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ነጠላ አለ፤ የልጅ ልጃቸው ለትራስ ፈልጋው ነበር፣ እሳቸው ግን «እኔ እያለሁ አይሆንም» አሉ። ነጠላው አሁንም በሣጥን ውስጥ ነው፤ ትክክል ናቸው ብለናል።

ከሥራዎቹ ጥቂቱን በወላጆች ቀን ሸጠናል፤ ስለ ዋጋው ግን ያሰብነውን እንናገር። ገዢው «ጨርቁ በነጻ ያገኛችሁት አይደል?» ይላል። ጨርቁ በነጻ ነው፤ እጁ ግን በነጻ አይደለም። ከእኛ ጋር ከሚሰፉት እናቶች ሁለቱ ከዚህ ሥራ ገቢ ለማግኘት ያስባሉ። እነሱን ያማከርናቸው የሰዓቱን ዋጋ መጀመሪያ እንዲጽፉ፣ ክሩንና አቡጀዲውን እንዲጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የገበያውን ዋጋ እንዲያዩ ነው። በዚህ ስሌት የአልጋ ልብስ እዚህ አያዋጣም፤ ከመርከብ የሚወርደው የፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ጋር መወዳደር አይቻልም። የትራስ ልብስና የረከቦት ምንጣፍ ግን ቶሎ ስለሚያልቁ፣ በተለይ ጥበብ ካለባቸው፣ ገዢ ያገኛሉ። የአልጋ ልብስ ለቤት፣ ለወላድ ስጦታ፣ ወይም ለሚሄድ ጓደኛ ቢሆን ይሻላል።

ልብስ ሰፊዎቹን በተመለከተ፣ ለመጠየቅ ጥሩው ሰዓት ማታ ሱቅ ሲጠረግ ነው። በዓል ሲቃረብ ሥራ ስለሚበዛባቸው ጊዜያቸውን አንሻማም፤ ቁራጩ ግን የሚበዛው ያን ጊዜ ስለሆነ ባዶ ከረጢት ቀደም ብለን ትተንላቸው እንመጣለን። ከረጢቱን ያስሞላን ሰፊ ሱቁን ጠርገንለት እንሄዳለን። አንዱ ሰፊ የመቀመጫ ትራስ ከራሱ ቁራጭ ሠርተን ስንወስድለት አገላብጦ አየውና ስፌታችን ላይ ሁለት የተጣመመ መስመር አሳየን፤ ከዚያ በላዩ ተቀመጠበት።

የመጨረሻው ነገር ጥገና ነው። ከተጋጠመ ጨርቅ የተሠራ ነገር አንድ ቦታ ቢያረጅ ያቺ ቁራጭ ብቻዋን ተፈትታ ትወጣና ሌላ ትገባለች። ለዚህ እንዲመች ትራሱ ሲሰፋ ከተጠቀምንበት ከእያንዳንዱ ጨርቅ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ በጀርባው አቡጀዲ ውስጥ በላላ ክር አያይዘን እንተዋለን። ከትራሱ ጋር አብራ ስለምትታጠብ፣ የምትፈለግበት ቀን ቀለሟም ከሌሎቹ ጋር እኩል ለቆ ይገኛል።